የደረቀ ጥርስ ይዋሻል

ሽማግሌው የጥርስ ሐኪም ከክሊኒካቸው ጓሮ፣ ከሲሚንቶው ደረጃ ሥር፣ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ሞተው የተገኙት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያገኘቻቸው አሥራ አራት ዓመት አብራቸው የሠራችው ነርስ ናት። መርማሪው ጎንበስ ብሎ የተሸፈኑበትን ጨርቅ ገለጠና እንደ ልማዱ ግራ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ባልደረቦቹ «እጅ በአፉ» ይሉታል። ነገር ሁሉ የሚያስገርመው ሰው ይመስላቸዋል። እሱ ግን ገርሞት አይደለም፤ ከፊት ጥርሱ ግማሹ የለም። «ሌባ በቡጢ መትቶኝ ነው» ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ካወራ ሦስት ዓመት አለፈው። እውነቱን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱም ቢረሳው በወደደ።

የሟች የጋዋን ኮሌታ ተቀዷል። እንግዲህ ሰው ይዟቸው ነበር። ከኪሳቸው አንድ የበሽተኛ ካርድ ወጣ፦ «የላይኛው የፊት ጥርስ፣ የተሸረፈ። ቀለም፦ ቁጥር ሦስት።»

ወደ ሕክምና ክፍሉ ገባ። ከወንበሩ አጠገብ ባለው ትሪ ላይ ክዳኑ ያልተገጠመ የጥርስ መሙያ ቱቦ ተኝቷል፤ ቁጥር አንድ ይላል። ግድግዳው ላይ ሁለት ምስማር አለ፤ የተሰቀለው ፍሬም ግን አንድ ብቻ ነው።

«ሲስተር፣ የትናንቱ የመጨረሻ በሽተኛ ማን ነበር?»

«መምህሩ። አራት ሰዓት ላይ አስቀመጥነው። ጋሼ ሲጀምሩለት እኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ ላደርስ ላብራቶሪ ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ስመለስ ማንም የለም። ትናንት ግማሽ ቀን ብቻ ነበር የምንሠራው፤ ቤታቸው የሄዱ መስሎኝ ቆልፌ ወጣሁ።»

«ከትናንት ወዲያ ከሐኪሙ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። «በበሽተኛ ፊት ጮኹብኝ። መሣሪያውን በደንብ አልቀቀልሽም ብለው። እውነታቸውን ነበር፤ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችውና ድምፅዋ እንደ ታላቅ እህት ሆነ። «አንተን አውቅሃለሁ እኮ። ጋሼ መስኮቱ ጋ አቁመው ቀለም ከመረጡልህ በኋላ ‹ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ› ብለህ የጠፋኸው አንተ አይደለህም? ካርድህ አለ።»

የመርማሪው ጆሮ ጋለ። «ሁልጊዜ መጀመሪያ ቀለም ነው የሚመርጡት?»

«ሁልጊዜ። ጥርስ ምራቅ ሲለየው ይነጣል። ‹የደረቀ ጥርስ ይዋሻል፣ ነጭ ነኝ ይላል› ይሉ ነበር ጋሼ። ሳይደርቅ መርጠው ካርዱ ላይ ይጽፉና ኪሳቸው ይከቱታል።»

መምህሩ ከትምህርት ቤት ተጠርቶ መጣ። ሲናገር የላይ ከንፈሩን ወደ ታች ይስባል። መርማሪው ያንን ዘዴ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

«አምስት ተኩል ላይ ጋሼ ጨርሰውልኝ ሄድኩ» አለ።

«ሲጨርሱ አይተዋቸዋል?»

«ምኑን አያለሁ? አፌ በላስቲክ ተወጥሯል፤ መብራቱ እንዳያስቸግረኝ ዓይኔ ላይ ጨርቅ አለ። መሐል ላይ ስልክ ጮኸ። አንስተው ዝም ብለው አዳመጡና ‹መጣሁ› ብለውኝ ወጡ። ግማሽ ሰዓት እንደ አዞ አፌን ከፍቼ ተኛሁ። ከዚያ ተመልሰው ሠሩ።»

«ምን አሉዎት?»

«ምንም። ትከሻዬን መታ አድርገው ወጡ።»

«መስታወት አላሳዩዎትም?»

«አላሳዩኝም። ማታ ባለቤቴ ‹አማረብህ› ብላ ነበር። ዛሬ ግን ተማሪዎቼ ‹ቲቸር፣ አንዱ ጥርስዎ አምፖል ሆነ› አሉኝ።» መሬት መሬት አየ።

በመጨረሻ የሟች የእህት ልጅ ገባ፤ በዚያው ክሊኒክ የሚሠራው ወጣቱ ሐኪም። እናቱ ክንዱን ይዘውታል።

«ዶክተር፣ እርስዎ ትናንት ስንት ሰዓት ወጡ?»

«አራት ተኩል። አጎቴ መምህሩን ሲሠሩ ትቻቸው ነው የወጣሁት።»

«ያ ባዶ ምስማርስ?»

«የኔ የምስክር ወረቀት ነው። መስታወቱ ተሰንጥቆ ላሠራው አውርጄው ነው።»

«ዶክተሩ ልጄ ከትናንት ምሳ ጀምሮ እህል አልቀመሰም» አሉ እናቱ እንባቸውን እየጠረጉ። «አጎቱን እንዲህ ነው የሚወድ።»

ልጅየው የእናቱን እጅ ጨበጥ አደረገ። ሁሉም ሲወጡ መርማሪው የመሣሪያ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ሳብ አደረገ። ፍሬሙ ፊቱን አዙሮ ቆሟል፤ መስታወቱ ጭረት እንኳ የለውም። ላዩ ላይ ወደተጻፈው ኮሌጅ ደወለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱን በሕክምና ክፍሉ ሰበሰበና መምህሩን መስኮቱ ጋ አቆመው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር፣ አንድ ጊዜ አፍዎን ይክፈቱ።»

መምህሩ እያፈረ ከፈተ። ከደብዛዛዎቹ ጥርሶች መሐል አንዱ ፍጹም ነጭ ነው።

«ጋሼ ገና ሳይጀምሩ ቁጥር ሦስት ብለው ጽፈዋል» አለ መርማሪው። «ጥርሱ የተሞላው ግን ከሁሉም ነጭ በሆነው በቁጥር አንድ ነው። ቀለም የመረጡ ሰው ቀለማቸውን አይስቱም። የጨረሰው ሌላ ሰው ነው። ካርዱን አላየውም፤ ካርዱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ደረጃው ሥር። ጥርሱ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ደርቆ ነጥቷል። ሰውየው ያንን አይቶ ነጩን መረጠ። ትናንት ገጠመ። ሌሊቱን ጥርሱ ምራቁን ሲጠጣ ወደ ቀለሙ ተመለሰ፤ ሙሌቱ ብቻ ነጭ ቀረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ካርዱን ከቱቦው አጠገብ አስቀመጠ።

«ጋሼ አምስት ተኩል ላይ በሕይወት ቢኖሩ ጥርጣሬው ኋላ ብቻዋን የተመለሰችው ሲስተር ላይ ይወድቅ ነበር። የሞቱት ግን መምህሩ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ነው። በዚያ ሰዓት ሲስተር ላብራቶሪ እንደነበረች የላብራቶሪው ሰው መስክሯል። ይህን ሥራ የሚችል ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ድምፁ እንዳይታወቅበት ዝም ብሎ የሠራ፣ መስታወት ለማሳየት ያልደፈረ፣ የአጎቱ ሞት ሳይሰማ ከትናንት ምሳ ጀምሮ እህል እንቢ ያለው።» ፍሬሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ኮሌጁ እንዲህ የሚባል ተመራቂ የለንም አለኝ። ትናንት ለአጎትህም በስልክ ይህንኑ ነግረዋቸዋል።»

«እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ሆነ። ልጅየው ይህን ልብ አለ።

«የመመረቂያውን ፈተና ሦስቴ ወደቅኩ» አለ እናቱን ሳያይ። «ለእማዬ መንገር አቃተኝ። አጎቴ ፍሬሙን አውርደው እጄ ላይ አኖሩትና ‹ወይ አንተ ንገራት፣ ወይ እኔ› አሉኝ። በጓሮ በኩል ሊሄዱ ሲሉ ኮሌታቸውን ያዝኩ። ሲታገሉኝ ለቀቅኳቸው... ገፋኋቸው። ገፍቻቸዋለሁ።» ወደ መምህሩ ዞረ። «ከጥርጣሬ ለማምለጥ ነው የጨረስኩልዎት። ግን ደግሞ አፍዎን ከፍተው ይጠብቁ ነበር። ቀለሙን አበላሸሁብዎት፤ ይቅርታ።»

እናቱ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፦

«ወደቅኩ ብትለኝ ምን እልህ ነበር? ‹በል ና ብላ› ነበር የምልህ።»

ልጅየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ወስደውት ሲወጡም አልገለጠው።

መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ ሲያየው ግራ እጁ የራሱ አፍ ላይ እንዳለ ተሰማው። ቀስ ብሎ አወረደው።

«ጥርስዎን ምን አገኘው?» አለ መምህሩ፣ እንደ ሕመም ጓደኛ።

«ሌባ መታኝ እላለሁ» አለ መርማሪው። ጉሮሮውን ጠረገ። «ውሸት ነው። የጠርሙስ ክዳን በጥርሴ ልከፍት ስል ነው።»

ነርሷ ከሣጥኑ አንድ አሮጌ ካርድ አወጣችና የሽማግሌውን ጽሕፈት በጣቷ ዳሰሰችው።

«ቁጥር አራት» አለች። «ጋሼ ጽፈውልሃል።»