ሳይፈርስ የቀረው አጥር

መጀመሪያ ያናገረኝ ቦርሳዬን ከኋላ ጨምድዶ ይዞ ነው።

«እግርሽን አታውርጂ» አለኝ።

«ለምን?»

«ሰው ቤት ልትገቢ ነው።»

በአንድ እግሬ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ከእሾህ አጥሩ ሥር አቧራ የመሰለች ወፍ እንቁላሎቿን ታቅፋ ቀና ብላ ታየኛለች። አንድ አስጎብኚ ድርጅት የቀጠረኝ እሷን ለማየት ለሚመጡ እንግዶች የእግር ጉዞ እንዳዘጋጅ ነበር። ለጥቂት ተረፈች።

ሰውየው ግመል ነጂ ነው። ቤተሰቡ አርብቶ አደሮች ናቸው፤ ግጦሽ ካለበት ይሰፍራሉ። ብርቅዬዋ ወፍም ከመንጋቸው አትርቅም። ከብቶቹ ሲራመዱ የሚነሳውን ፌንጣ ትለቅማለች፤ ቀበሮም ሰውና ፍየል ባለበት አይደፍርም። እንግዶቻችን በእነሱ ድንኳን ያድራሉ፣ ጓዛቸውን በእነሱ ግመሎች ያስጭናሉ። የውኃ ጉድጓዳቸው የተጠገነው ከዚያ በተገኘው ገንዘብ ነው።

እንግዶች ይዤ በመጣሁ ቁጥር እናቱ «ጥድፊያ መጣች» ይሉኛል፤ የሚሰጡኝን ወተት ቆሜ ስለምጠጣ።

«እማዬ፣ ተያት። ሥራ ላይ ናት።»

«አንተ አጠገብ ቦታ ሲኖርማ ሳትለመን ትቀመጣለች።»

እሱ የግመሉን ጭነት ገመድ ማጥበቅ ጀመረ። ገመዱ ድሮም የጠበቀ ነበር።

አንድ ቀን እንግዶቼን ይዤ ልመለስ ስል «ዝናቡ ወዲያ ማዶ ጥሏል» አለኝ። «ሰፈሩ መነሳቱ ነው።»

«እንቁላሎቹስ?»

«አባቴ እያሰበበት ነው።»

«እኔስ?» ማለት ፈልጌ «ሌሎች እንግዶች ተመዝግበዋል» አልኩት። በዚያ አካባቢ ስልክ አይሠራም። ጠብቀኝ አላልኩትም፤ መጠበቅ እኔ ራሴ አልወድም።

ስመለስ ሰፈሩ ባዶ ነበር። ድንኳን የለ፣ ግመል የለ፤ አመድ ብቻ። እንግዶቹ አቅራቢ መነፅራቸውን እያወጡ «ወፏ የት ናት?» ይሉኛል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ሳይሰናበተኝ መሄዱ አናደደኝ፤ ከንዴቱ ሥር ያለውን ግን ለእንግዶች ማሳየት አልፈለግሁም።

ከዚያ ጥግ ላይ ያልፈረሰ የእሾህ አጥር አየሁ፤ የወፏ ጎጆ ያለበት ቁራጭ ብቻ። አጠገቡ ጥቂት ፍየሎች፣ በፍየሎቹ መሃል እሱ።

«ሌሎቹስ?»

«ሄዱ። ቀበሮው እንዳይመጣ እኔ ከፍየሎቹ ጋር ቀረሁ።»

«ለወፏ ብለህ ብቻህን?»

«ለወፏ።»

ጎንበስ አልኩ። ጎጆው ባዶ ነው። «ቀበሮው በላት?»

«ኧረ አልበላትም። ጫጩቶቿን ይዛ መንጋውን ተከትላ ሄደች። ከሄደች ሰነበተች እኮ።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ፍየሎቹን አየ።

«እንግዶች ይመጣሉ ብለሽ ነበር» አለ በመጨረሻ።

ቦርሳዬን አውርጄ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ማንም ተቀመጪ ሳይለኝ። እኔ መቀመጥ አልችልበትም፤ ያን ቀን ግን ቻልኩበት።

ወደ አዲሱ ሰፈር አብረን በእግር ሄድን፣ እንግዶቹ ከኋላችን። እናቱ ከሩቅ አይተውን «ጥድፊያ፣ ምነው ዘገየሽ?» አሉ። ወፏ በከብቶቹ እግር ሥር ፌንጣ ትለቅማለች። እንግዶቹ መነፅራቸውን አንስተው ሲንሾካሾኩ እኔ በልቤ አመሰግን ነበር፤ ወፏን፣ አጥሩን ያላፈረሱትን አባቱን፣ ቀበሮውን ጭምር።

ዛሬም ሰፈሩ ሲነሳ ጎጆ ያለበት ቁራጭ አጥር አይነካም። ከፍየሎቹ ጋር የምንቀረው ግን ሁለታችን ነን።