በሲኒ ልክ

የክብደት መቀነስ ውድድር ሽልማቱ አሳማ ይሁን ያለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ለማንኛውም፣ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ውስጥ ማንገሬ ሰፈር ያለችው የቶንጋዎች ቤተ ክርስቲያናችን አራት ወር ሙሉ ምእመኑን ስታስሮጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ ሚዛን ላይ ስታወጣ ከርማ፣ ገና ሲደርስ አንደኛ ለወጣው ሰው አንድ የሰባ አሳማ ሸለመች። አንደኛ የወጣሁት እኔ፣ አናሴይኒ ነኝ። ሠላሳ አንድ ኪሎ ቀንሼ።

ሁለተኛው ሲዮሳያ ነው፤ ሃያ ሁለት ኪሎ። እሱ የቀነሰው በላቡ ነው። እኔ ግን ግንቦት ላይ፣ ዌሊንግተን ለሥራ ሥልጠና ሄጃለሁ ብዬ፣ እዚሁ ኦክላንድ ሆስፒታል ተኝቼ ጨጓራዬን አስቆርጬ ነበር። ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ውድድሩ ላይ ተመዘገብኩ።

ለምን ደበቅሽ ብትሉኝ፣ አክስቴን ሉፔን አታውቋትም። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ የአባት እህት ያለችው አይታጠፍም። አባቴ ራሱ እሷ ፊት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንዲት ጎረቤታችን እንደኔው ኦፕሬሽን ያደረገች ጊዜ አክስቴ በሰው መሃል «አፏን መዝጋት ቢያቅታት ሆዷን በክር አሰፋች» ብላ አዳራሹን በሳቅ ገደለችው። እኔም ስቄያለሁ። የሆስፒታሉ የቀጠሮ ወረቀት ያን ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ከሳያ ጋር (ሲዮሳያ የምትለው እናቱ ብቻ ናት) የተዋወቅነው የመጀመሪያው ቅዳሜ ሚዛን ላይ ነው። ከኋላዬ ተሰልፎ ጫማውን አወለቀ፤ ቀበቶውን ፈታ፤ ሰዓቱን አወለቀ። ከዚያ መዝጋቢዋን በትሕትና «ጥርሴንም ላውልቅ?» አላት። ሳቄ አመለጠኝ። ዞር ብሎ አየኝ፤ ከተለመደው ትንሽ ረዘም አድርጎ ይመስለኛል። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አነጋገሩ ቀስ ያለ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ እስከ መኪናዬ ይሸኘኝ ጀመር። እኔም መኪናዬን ሆነ ብዬ ራቅ አድርጌ ማቆም ጀመርኩ።

አንድ ቀን በሩን ከፍቶልኝ ቆመና «ሴይኒ፣ ምስጢሩን ንገሪኝ እስቲ» አለኝ። «እንዴት ነው እንዲህ የምትቀልጪው?»

«በሲኒ ልክ ነው የምበላው» አልኩት። «በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሲኒ። በቃ፣ ሆድ ይለምዳል።»

ውሸት አልነበረም። የቀረችልኝ ጨጓራ ከሲኒ በላይ አትይዝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው። እሱ እንደ ወንጌል ተቀበለኝ። በሁለተኛው እሑድ ደግሞ የሴቶች ማኅበሩ ግማሽ በሲኒ ይበላ ነበር።

ገና ደረሰ። ከጸሎቱ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ። አሳማዬ ቆዳው እስኪንጣጣ ተጠብሶ ፊት ለፊቴ ተጋድሟል። ጎደሬው፣ በጎደሬ ቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለው ሥጋ፣ ዓሣው፣ ሽሪምፑ ተደራርቧል። የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ለበዓል የሰጠችኝ ምክር አጭር ነበር፤ መጀመሪያ ሥጋ ወይ ዓሣ፣ በደንብ አላምጪ፣ ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ ጣፋጩን እለፊው። ደግ ልጅ ናት። አክስቴ ማንኪያ ይዛ አናቷ ላይ ቆማባት ግን አታውቅም።

«ዛሬ ገና ነው፤ ሲኒ ብሎ ነገር የለም!» አለች አክስቴ፣ ሰሃኔን እየቆለለች። «ብዪ! አንደኛዋ ካልበላች ማን ይበላል?»

አንድ ቁራሽ አላምጣለሁ፤ ሦስት ቁራሽ ጭኔ ላይ ወዳለው ቦርሳ፣ ፌስታል ውስጥ አንሸራትታለሁ። ጨጓራ ሲቆረጥ ረሃብ አብሮ ይቆረጣል ይላሉ። የሆድ ረሃብ አዎ። የዓይን ረሃብ ግን ቢላ አይነካውም። ዕድሜ ልኬን የወደደኝ ሰው ሁሉ የወደደኝ እያጎረሰኝ ነው፤ ያን ከየት ላምጣ?

ሳያ ከማዶ ተቀምጧል። ጉንጩ ሰርጉዷል። ሰሃኑ ላይ አንድ ሲኒ የምትሆን ጎደሬ አለች፤ ሲያየኝ «በርቺ» እንደሚል ሰው ፈገግ አለ። አንገቴን ደፋሁ። በዚህ መሃል ፓስተሩ ተነስተው «ከምሳ በኋላ እህታችን አናሴይኒ ድሉ እንዴት እንደተገኘ ምስክርነት ትሰጠናለች» ብለው አወጁ። ጭብጨባው ሳያልቅ ወጥ ቤት ገባሁ።

ወጥ ቤት ማንም አልነበረም። ፋይካካይ ብቻ፣ በየትሪው፤ ያ በኮኮናት ወተትና በተቃጠለ ስኳር የራሰ የሊጥ ድቡልቡል። አንዱን አነሳሁ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን ሳልውጥ አራተኛው እጄ ላይ ነበር። ቆሜ፣ በጣቴ፣ እንደ ሌባ። እንዴት እንደጣፈጠኝ ብነግራችሁ ይበልጥ አፍራለሁ።

ብዙ አልቆየም። ላብ አጠመቀኝ፤ ልቤ ደረቴን ሊሰብር ደረሰ፤ ሆዴ ተጨመደደ። ጨጓራው ለተቆረጠ ሰው ስኳር እንዲህ ነው የሚከፍለው። ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በር ወጥቼ ግድግዳ ይዤ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄድኩ። የመጨረሻው መኪና በሩ ክፍት ነበር። እንደኔው ከአዳራሹ ሾልኮ የወጣው ሳያ ውስጡ ተቀምጧል፤ ጉንጩ ሙሉ፣ እጁ ላይ ግማሽ ዳቦ።

ተፋጠጥን። ዳቦውን ወንበሩ ሥር ወረወረው። አፉ ውስጥ ያለውን አላምጦ ዋጠ።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። «ሦስት ወር ሙሉ ስዋሽሽ ነበር። ሰው ፊት በሲኒ እበላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ እዚህ ተደብቄ ዳቦ እገምጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ሻንጣ እያነሳሁ ዞሮብኝ ወደቅኩ። ቤተሰቦቼን ሽማግሌ አድርጌ ወደ አክስትሽ ልልክ ነበር፣ ሴይኒ። ከዚያ አንቺ የቻልሽውን ያልቻለ ሆዳም በምን ፊቱ ይጠይቃታል ብዬ ተውኩት።»

«አይዞህ» ብዬ ዝም ብል ይበቃኝ ነበር። እኔ ከሱ በላይ የቆምኩ ይቅር ባይ ሆኜ፣ እሱ የእኔ ይሆን ነበር። አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሳያ፣ ጨጓራ የለኝም።»

«ምን?»

«ቆርጠውታል። ግንቦት ላይ፣ ሆስፒታል። የቀረችኝ ሲኒ ታክላለች። አንተ ሆዳም አይደለህም። ተርበህ ነው። ያስራብኩህ እኔ ነኝ።»

መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን አየ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«በየቀኑ መስታወት ፊት ራሴን ስሰድብ ነበር» አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እያየሽኝ፣ እየመነመንኩ እያየሽኝ፣ አንድ ቀን አላሳዝንሽም?»

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እመርጥ ነበር።

«ውስጥ ያሉት ሴቶችም በሲኒ ነው የሚበሉት» አለና ፊቱን አዞረ።

ላቤ እስኪደርቅ ጠብቄ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። ማይክሮፎኑን ያዝኩ። «ያሸነፍኩት በጸሎትም በሩጫም አይደለም» አልኩ። «በቢላ ነው። ተቆርጬ ነው። የሲኒውን ነገር ተዉት፤ ጤነኛ ሆድ ያለው ሰው ይታመምበታል። ዋሽቻችኋለሁ። አሳማው የሳያ ነው።»

ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ግማሹ ተበልቷል እኮ» አሉ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

አክስቴ ተነሳች። ስድቧን እየጠበቅኩ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ማን አስታመመሽ?» አለችኝ።

«ማንም፣ አክስቴ።»

«ስንት ቀን ተኛሽ?»

«ሦስት።»

«ከሰመመን ስትነቂ አጠገብሽ ማን ነበር?»

አክስቴ ጭኗን መታች። «የወንድሜ ልጅ፣ ወገን እንደሌላት፣ ብቻዋን! ብትሞቺስ? በስልክ ልንሰማ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሆዷን በክር አሰፋች ብለሽ ስትስቂ ስለሰማሁ» አልኳት። ለእሷ እንዲህ ብሎ የመለሰ ሰው ኖሮ አያውቅም። አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው፤ ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ሻርፗን ዓይኗ ላይ አደረገች። ከዚያ ሰሃኔን ወደ ራሷ ሳበች፤ አንስታ አንስታ ትንሽ ዓሣ ብቻ አስቀረችና መለሰችልኝ።

ሳያ ዘግይቶ ገባ። ሰው ሁሉ አየው። አጠገቤ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሰሃኑን እስከ አፍ ገደፉ ሞላ።

«ገና አልበረደልኝም» አለ፣ ሳያየኝ።

«አውቃለሁ።»

«ነገም አይበርድልኝ ይሆናል።»

«እሺ።»

በላ። ሰው ፊት፣ ሳይደበቅ፣ ጎደሬውን ከሥጋው እያስከተለ በላ። ሲበላ ማየት ደስ አለኝ፤ በደስታዬም አፈርኩ። እኔ ከዓሣዋ ጋር እታገላለሁ፤ አንዷን ቁራሽ አላምጬ እስክውጥ ሌላው ሰሃን ይጨርሳል። በእኛ ግብዣ የጠገበ ተነስቶ ቦታ ይለቃል፤ ተረኞቹ ከኋላችን ቆመዋል። እንደ ወትሮዬ ሳልጨርስ ወንበሬን ገፋሁ። የሳያ ሰሃን ባዶ ነበር፤ እጁን ዘርግቶ የወንበሬን ጀርባ ያዘ።

«ሰው እየጠበቀ ነው» አልኩት።

«ይጠብቅ» አለ። «እኔም እየጠበቅኩ ነው።»

የቀረችውን ቁራሽ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ቀስ ብዬ አላመጥኩ።