አንድ ጉንጭ የጎደለ ብርሌ

እኔ እኮ ስለ መንፈስ ሲወራ ከሚስቁት ነኝ፣ "እዚያ ቤት የማይታይ ሰው አለ" ሲሉኝ "ታዲያ ኪራይ ይክፈል!" ብዬ የምመልስ ልጅ ነበርኩ፣ እናቴ ጨው ሲደፋ እንኳ ስታማትብ ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው፣ ስለዚህ ይሄን የምነግራችሁ ልቤ ስለሚፈራ አይደለም፣ እመኑኝ፣ በዓይኔ ስላየሁት ነው።

የመሲን ቤት ኮልፌ 18 ማዞሪያን የሚያውቅ አያጣውም፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ትንሽ ገባ ብሎ በልብስ ሰፊውና በፀጉር ቤቱ መሃል የተሰነቀረች አንዲት ክፍል ናት፣ ጥቂት ዱካ፣ አንድ አግዳሚ፣ መሲ ራሷ የምትጠምቀው ጠላ በሰማያዊ በርሜል፣ ጥጉ ላይ ደግሞ እኔን የሚያህል የጠጅ ጋን። መሲ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፣ ለእኔ ግን ጓደኛዬም ናት፣ ለእናቴ የማልነግራትን ሁሉ የምታውቅልኝ እሷ ብቻ ናት። ጋኑን የተረከበችው ከነክፍሉ ነው። እማማ ደስታ የሚባሉ አሮጊት ንብረት ነበር፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጅ ሲሸጡ ኖረው ሲሞቱ ቤቱ ተዘግቶ ከረመ፣ ከዚያ መሲ ከፈተችው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ጠላው እሺ ይላል፣ ሰፈሩ ግን የሚፈልገው ጠጅ ነው፣ ጠጁ ደግሞ ሁለቴ ተጥሎ ሁለቴም ከሸፈ። ለካ መሲ ጋኑን በፈሳሽ ሳሙና ፈትጋ ኖሯል! ጋሽ በቀለ፣ ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፣ የእማማ ደስታ የጥንት ደንበኛ፣ ይሄን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ያዙ። "ጋን በሳሙና! አንቺ ልጅ፣ ሸክላ እኮ ሳሙናውን ይጠጣዋል፣ በግራዋ አሽተሽ በወይራ አጥኝው እንጂ!" ሦስተኛውን ልክ እሳቸው እንዳሉት አደረገች። ግን አንድ ቀን ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ለእናቴ ስትነግራት ሰማኋት፣ "ይሄም ከከሸፈ ቤይሩት ነው፣ ፓስፖርቴ ደላላው ጋ ነው" አለች። ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።

ጠጁ የሚቀመስበት ቀን ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደዚያው ከነፍኩ። እናቴ የምትፈቅድልኝ "አንድ ጠብታ እንዳትነኪ" ብላ ነው፣ ነክቼም አላውቅም፣ ይቺን ያዙልኝ። ሊመሽ ሲል መብራት ሄደ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፣ ቤት ውስጥ ያለነው መሲ፣ እኔና ጋሽ በቀለ ብቻ ነን።

"ቅጂላቸው" አለችኝ መሲ፣ በስልኳ እያበራችልኝ።

"ሳትቀምሱልኝ?" አሉ ጋሽ በቀለ። "ደስታ እኮ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ነው የምትሰጠኝ። የጠጅ ቤት ወጉ ነው። አንድ ቀን ብቻ ለአንድ ሹፌር ሳትቀምስ ሰጠችው፣ 'ምነው?' ብላት 'እጄ እምቢ አለኝ' አለች። ሰውየው እንደወጣ ቀረ።"

"ጋሼ ደግሞ! የዘመኑ ደንበኛ በመዳፌ ስቀምስ ካየኝ እስከ አውቶቡስ ተራ ነው የሚሮጠው!"

ሳቅን። ብርሌውን እስከ አፉ ሞልቼ ወሰድኩላቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ግን አንድ ጉንጭ ጎድሏል።

"አፈሰስሽው?" አለች መሲ። ወለሉ ደረቅ ነው። እጄም ደረቅ ነው። "አንቺ! ነይ እስቲ፣ አፍሽን ላሽትት!" አሸተተችኝ፣ ማስቲካ ማስቲካ ነው የምሸተው።

"እንደገና ሙዪው" አለችኝ። ወደ ጋኑ ጠጋ ስል የወይራ ጭስ ሸተተኝ፣ ጋኑ ከታጠነ ስንት ጊዜው፣ ደግሞ ጎኑን የሆነ ነገር ኳ ኳ አደረገው፣ ልክ ሰው በጥፍሩ እንደሚመታው። አይጥ ነው አልኩ። ሞላሁት፣ ዓይኔን ሳልነቅል ተራመድኩ፣ ያኔ ጆሮዬ ሥር አንድ ሰው ሲጎነጭ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ የአሮጊት አጎነጫጨት፣ ቀጥሎ በምላስ ማጣጣም። ብርሌው ሲደርስ እንደገና አንድ ጉንጭ ጎድሏል።

ጋሽ በቀለ ባርኔጣቸውን አወለቁ። መሲን ሳይሆን ከትከሻዬ በላይ ያለውን ጨለማ እያዩ "ተቀምሷል" አሉና ጠጡ። ከዚያ ዓይናቸው ዕንባ ሞላ። "መሲ፣ ይሄ የደስታ ጠጅ ነው።"

መሲ ጮኸች፣ አቅፋኝ ዞረች፣ "ቤይሩት ቀረ! በቃ ቀረ!" እያለች፣ እኔም አብሬ ስጮህ ፍርሃቴ ሁሉ ጠፋ፣ እንዲያውም በልቤ እማማ ደስታን አመሰገንኳቸው። "በይ ለኔም ቅጂልኝ፣ ሠርቼ ሳልጠጣ!" አለችኝ። ከዚያው ጋን፣ በዚያው ብርሌ፣ ቀዳሁላት። ጆሮዬን አቁሜ ሄድኩ፣ እንዲያውም ቆም ብዬ ጠበቅሁ። ምንም። የዝናቡ ድምፅ ብቻ።

ብርሌው እጇ ላይ ሲደርስ እስከ አፉ ሙሉ ነበር።

ጋሽ በቀለ አዩት። "አስቀምጪው ልጄ" አሉ፣ ድምፃቸው ተለወጠ።

"ጋሼን በአንድ ብርሌ ያዛቸው!" ብላ ግጥም አድርጋ ጠጣችው። መብራት መጣ። ምንም አልሆነችም፣ ተመስገን፣ ያን ቀን እየዘፈነች ነው በሩን የቆለፈችው።

አሁን ቤቱ ጢም ብሎ ይሞላል፣ ዱካ ይጠፋል፣ ሰፈሩ "ጠጇ ማር ነው፣ ግን ብርሌ አትሞላም፣ ስስታም" እያለ ያማታል፣ እኔ እየሰማሁ እቀዳለሁ። ለሁሉም አንድ ጉንጭ ይጎድላል። የመሲ ብቻ፣ እንደዚያ ወጥቶ እንደቀረው ሹፌር፣ ሙሉውን ይደርሳል። ስንቴ ሞከርኩ መሰላችሁ፣ ብርሌውን ወደ ጨለማው ጥግ ዘርግቼ "እማማ፣ እባክዎ፣ ለእሷም" እስከ ማለት ደርሻለሁ፣ እኔ ነኝ ይሄን የምለው፣ ያ ሁሉ ሳቄ!

ደላላው መደወሉን አልተወም፣ ፓስፖርቷም ገና እሱ ጋ ነው። መሲ ስልኩን ገልብጣ ታስቀምጠው ነበር፣ እኔም በዚያ እጽናና ነበር።

ትናንት ግን አነሳችው። ዝናብ ላይ ወጥታ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ብዙ አወራች። ስትመለስ ፀጉሯ ረጥቧል፣ ዓይኔን አላየችኝም።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"ምንም። ቅጂልኝ" አለችኝ።

ቀዳሁላት። በሁለት እጄ ይዤ፣ ቀስ ብዬ፣ እየለመንኩ ወሰድኩላት።

ሙሉ ነበር።