ያላደረ ኮላ

ቁንጫ የአዳራሹን በር በክርኗ ገፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ወንበሩን ነው። ቀጥላ ያየችው ወረቀቱን።

ወንበሩ የራሷ ነው። ማለት የሷና የሬዲዮ። ትናንት እነ ቁንጫ ግቢ፣ እግሩ በገመድ ጥርቅም ተደርጎ ታስሮ ነበር። አሁን መድረኩ ፊት ለፊት ሰማያዊ ቀለሙን አሳምሮ፣ ከአሮጌ ጂንስ የተሰፋ ልብሱን ለብሶ እንደ ሙሽራ ተጎልቷል። ገመዱ ግን የለም።

ወረቀቱ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። «የሠራችው» ይላል፣ ከዛ የሬዲዮ ሙሉ ስም፣ ከነአባቷ ከነአያቷ። በሕይወት ዘመናቸው ብርጭቆ ወረቀት ይዘው እንጨት ፈግፍገው ለማያውቁት አያቷ እንኳን ቦታ ተገኝቷል። ለቁንጫ አልተገኘም።

«ምናልባት ከጀርባው ጽፋኝ ይሆናል» ብላ ወረቀቱን ገለጥ አደረገችው። ከጀርባው ባዶ ነው።

ቁንጫ ያሏት ትንሽ ስለሆነችና አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው። ሬዲዮን ደግሞ ሬዲዮ ያሏት ባትሪዋ ስለማያልቅ። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ናቸው። ሬዲዮ ታወራለች፣ ቁንጫ ትሠራለች። ጥፋት ላይም እንደዛው ነው፦ ሬዲዮ ታስባለች፣ ቁንጫ ታደርጋለች፣ ከዛ ቁንጫ ትቀጣለች። አምና የክፍል አለቃው ወንበር ቡሎኑ ተፈትቶ ልጁ ሲንኮታኮት ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ ነበር። ሀሳቡ የሬዲዮ ነው። ለአንድ ሳምንት ሽንት ቤት ያጠበችው ግን ቁንጫ ናት። አልከፋትም። ጓደኛ አይደለች?

ይሄ ውድድር ግን ቀልድ አልነበረም። አሮጌ የቤት እቃ ማደስ ነው። ዳኛዋ እትዬ ሶፋ ናቸው፤ ሶፋ የሚሠሩ፣ የራሳቸው ወርክሾፕ ያላቸው፣ ሁለት ቅዳሜ ትምህርት ቤት መጥተው ያስተማሩ ሴትዮ። ያሸነፈውን አንድ ተማሪ ክረምቱን ሙሉ ወርክሾፓቸው ወስደው ሙያውን ያሳዩታል። አንድ ብቻ።

ቁንጫ ከአርባ ሦስት ተማሪ አርባ አንደኛ ናት። ከሷ በታች ያሉት ሁለቱም ፈተናውን ያልተፈተኑ ናቸው። እትዬ ሶፋ ግን ሚስማር ስትመታ ቆመው አይተው «ይቺ ልጅ እጅ አላት» ብለው ነበር። እስከዛ ቀን ድረስ አስተማሪ ስለ እጇ የተናገረው ነገር ቢኖር «እጅሽን ሰብስቢ» ብቻ ነው። ያቺን ቃል ቤቷ ወስዳ አብራት ተኛች።

ወንበሩን ያገኙት ጎረቤት ለማገዶ ሊፈልጠው መጥረቢያ ሲያነሳ ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ቁንጫ አሮጌውን ቀለም ፋቀች፣ የጣቷ ጫፍ እስኪላላጥ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፣ ከመኪና ጎማ ውስጥ የወጣ ላስቲክ ቆርጣ ወጠረች፣ ስፖንጅ አለበሰች። ሬዲዮ ቀለሙን መረጠች። እውነቱን ለመናገር አሪፍ ነው የመረጠችው።

የቀረው አንዱ የኋላ እግር ነበር፤ መጋጠሚያው ላልቶ እንደ ወተት ጥርስ ይወዛወዛል። ትናንት ከትምህርት ቤት መልስ ቁንጫ የድሮውን ኮላ ፍቃ አዲስ ቀባች። ገመድ ጠመጠመችበትና ገመዱን በእንጨት እያዞረች አጠበቀችው። እትዬ ሶፋ ያስተማሩት ነው። «ኮላ እንደ ሕፃን ነው» ብለዋቸዋል፤ «ካልተኛ ያስለቅሳችኋል። አንድ ቀን ሙሉ ማንም እንዳይነካው።»

«ሰማሽ?» አለቻት ለሬዲዮ። «ነገ ከሰዓት አብረን ነው የምንወስደው። ከነገመዱ።»

«እሺ በቃ፣ ሰማሁ» አለች ሬዲዮ።

ከዛ ቁንጫ ከእናቷ ጋር የታመመች አክስቷን ልትጠይቅ ሄደች። ስትመለስ ወንበሩ የለም። ትንሹ ወንድሟ «ሬዲዮ ከወንድሟ ጋር በጋሪ ወሰደችው። ተነጋግረናል አለች» አላት። ደመናው ከብዶ ነበር። ቁንጫም ከነገመዱ የሄደ መስሏት «ጎበዝ፣ ከዝናብ አተረፈችልኝ» ብላ ለጥ ብላ ተኛች።

እንዲህ ነው የተኛችው። አሁን ወረቀቱ ፊት ቆማ ያ እንቅልፏ አሳፈራት።

«ሬዲዮ!»

ሬዲዮ ከመድረኩ ጀርባ ብቅ አለች። ዩኒፎርሟ ተተኩሷል፣ ፀጉሯ ተሠርቷል። «እንዳትጮሂ» አለች ቀድማ።

«መቼ ጮህኩ?»

«ፊትሽ እየጮኸ ነው።»

«ስሜስ?»

ሬዲዮ ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ቀነሰች። «አስቢው እስቲ። ቦታው ለአንድ ሰው ነው። ሁለታችንን ብጽፍ እትዬ ሶፋ ማንን ይወስዳሉ? ማንንም! ከሁለታችን አንዳችን ብትሄድ አይሻልም?»

«እና አንቺ ትሂጂ?»

«ቆመሽ ማስረዳት አለብሽ እኮ። አንቺ ሰው ፊት ስትቆሚ ምላስሽ ይተሳሰራል። ለአንቺም ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ ስሜን አጠፋሽው?»

«አላጠፋሁትም፣ አልጻፍኩትም። ይለያያል።»

ቁንጫ ከወረቀቱ ዞር አለች። ዓይኗ ወደ ወንበሩ እግር ሄደ። «ገመዱን ማን ፈታው?»

«የቱን? እ፣ እሱን። ጋሪው ላይ ስንጭነው ተጠላለፈብን፣ ፈታነው። ደሞ ያስጠላል፣ የታሰረ በግ ነው የሚመስለው።»

«መቼ?»

«ትናንት ነዋ። እናንተ እስክትወጡ ጠብቀን…»

ሬዲዮ እዚህ ጋ አፏን በእጇ ከደነች። ግን ወጥቷል። *እስክትወጡ ጠብቀን።* ማለት ቁንጫ ገመዱን ስታጠብቅ ሬዲዮ አጠገቧ ቁጭ ብላ ስትስቅ የነበረው ሰዓት እየቆጠረች ነው። ከወረቀቱ ይልቅ ይሄኛው አመማት።

ጎንበስ ብላ የወንበሩን እግር በአንድ ጣት ገፋ አደረገችው። ተነቃነቀ። ኮላው ገና አንድ ሰዓት እንኳን ሳይሞላው በጋሪ ከድንጋይ ድንጋይ ሲንገጫገጭ መጥቶ እንዴት ይያዝ?

ልትናገር አፏን ስትከፍት አዳራሹ ውስጥ ጭብጨባ ተነሳ። እትዬ ሶፋ ገብተዋል።

ዳይሬክተሩ ከኋላ ከኋላቸው ይከተላሉ፣ ተማሪው ይጋፋል። እትዬ ሶፋ ሲዳኙ ብዙ አያወሩም፤ ይቀመጣሉ። ዱካ ከሆነ ዱካው ላይ፣ ወንበር ከሆነ ወንበሩ ላይ ዘጭ ይላሉ። «ዓይን ይሸወዳል፣ መቀመጫ ግን አይሸወድም» ሲሉ ተማሪው በሳቅ ይፈርሳል። ወገባቸው ላይ ሰፊ ቀበቶ አስረዋል። ከመሰላል ወድቀው ነው። «ዶክተሩ አንዴ ደግመሽ ከወደቅሽ መዶሻ መያዝ የለም ብሎኛል» ብለው ቅዳሜ ዕለት እየሳቁ ነግረዋቸዋል።

ቁንጫ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ዝም ብትልስ? በአእምሮዋ አየችው፦ ቀጭ፣ ዷ! አዳራሹ ጉድ ሲል፣ ሬዲዮ ከነአያቷ ስሟ ስትዋረድ። እንዴት ደስ ይላል! ወይ ጉድ፣ እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ጣፈጣት። ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፤ ዝም ማለት ብቻ። ደሞ ብትናገር ማን ያምናታል? በወንበር ጥፋት የታወቀች ልጅ!

ሬዲዮ ማብራራት ጀመረች። «ላስቲኩን የወጠርኩት ከመሀል ጀምሬ ነው፣ ስፖንጁን ደግሞ…» የቁንጫን ቃል በቃል ነው የምትለው። ቁንጫ ከሰው ጀርባ ሆና የራሷን ንግግር በሌላ ሰው አፍ ሰማች። ስታወራው ደሞ ያምራል። ያናደዳት እሱ ነው።

እትዬ ሶፋ ቀበቷቸውን አስተካከሉ። በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ደግፈው ጎንበስ ማለት ጀመሩ።

«አይቀመጡበት!»

ድምፁ ከራሷ የወጣ መሆኑን ቁንጫ ያወቀችው ሁሉም ሰው ዞሮ ሲያያት ነው።

ዳይሬክተሩ «ደሞ ምን አደረግሽ?» አሉ። ምን ሆነ አላሉም። *ምን አደረግሽ* ነው ያሉት።

«እግሩ… ኮላው… ገመዱን…» ምላሷ ተሳሰረ። ሬዲዮ እንዳለችው።

ቁንጫ ሬዲዮን አየቻት። አሁን አንድ ቃል ብትናገር ይበቃል። ሬዲዮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፍታ ቆማለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዛ በራች።

«እሷ ናት» አለች። «ቅድም ስትነካካው አይቻታለሁ። ቀንታ ነው። አምናም እንዲህ አድርጋለች።»

*አድርጋለች።* አድርገናል አይደለም።

አዳራሹ ተንጫጫ። «ቁንጫ!» «ኧረ ይቺ ልጅ!» ከኋላ አንዱ «ቡሎን ፈቺ!» ብሎ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ጣታቸውን ቀሰሩ፦ «ሰኞ ወላጅ ሳትይዢ ክፍል እንዳትገቢ!»

እትዬ ሶፋ ቀስ ብለው በጉልበታቸው ተንበረከኩና እግሩን ሳብ አደረጉት። ወልቆ እጃቸው ላይ ቀረ። መጋጠሚያው ላይ ኮላው እንደ ማስቲካ ተንጠራርቷል። በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት።

«ቡሎን የለውም ይሄ» አሉ። «ኮላው ሳያድር ነው የተንቀሳቀሰው።»

መጀመሪያ ሬዲዮን፣ ከዛ ቁንጫን አዩ። ቁንጫ ቀና አለች። አሁን ይጠይቁኛል፣ አሁን ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ አለች።

«የልጆቹን ነገር እናንተ ጨርሱት» አሉ ለዳይሬክተሩ። «እኔ ዳኛ የሆንኩት ለወንበር ነው። ይሄ ወንበር አይቆምም።» ተደግፈው ተነሱና ወደሚቀጥለው አለፉ።

ያሸነፈው አንድ ረጅም ልጅ ነው፤ ቀለሙ ወደ ታች ፈስሶ ያለቀሰ የሚመስል ዱካ የሠራው። ዱካው ያስጠላል፤ ግን እትዬ ሶፋ ዘጭ ብለውበት ንቅንቅ አላለም። ቁንጫም አጨበጨበች፤ የዱካውን እግሮች ስታያቸው ማጨብጨብ ያለባት መሰላት። ክረምቷ ግን በዛ ጭብጨባ ውስጥ ሲሄድ ይታወቃት ነበር።

ሰው ሲበተን ወንበሩን በአንድ እጇ እየጎተተች፣ የወለቀውን እግር በሌላው ይዛ በጓሮ በኩል ወጣች። ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ ሰማች። ሳትዞር አወቀችው።

«ቁንጫዬ፣ ቁሚ።» ሬዲዮ አልቅሳለች፤ አፍንጫዋ ቀልቷል። «ደንግጬ ነው። ወላሂ ደንግጬ ነው ያልኩት።»

ቁንጫ ወንበሩን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አባቴን ታውቂዋለሽ። ይሄን ቢሰማ ከቤት አያስወጣኝም። አንቺ ግን… አትቆጪ እሺ? አንቺ ለምደሽዋል እኮ። እናትሽ ትጮህና ይወጣላታል። ሰኞ ‹እኔ ነኝ› በያቸው፣ በቃ። አንድ ሳምንት ሽንት ቤት ማጠብ ነው፣ እኔም ተደብቄ አግዝሻለሁ። ከዛ ሁሉንም እንረሳዋለን። እንደ ድሮው እንሆናለን።»

እንደ ድሮው። ቁንጫ ወረቀቱን ካየች ጀምሮ ስትመኝ የነበረው ይሄንኑ ነው፤ ጠዋት እንደነበረው፣ አንድ ዴስክ፣ አንድ ሳቅ። ግን ድሮን እስቲ ልየው ብላ ወደ ኋላ ስታስብ የምታየው መጥረጊያ የያዘች ራሷን ነው። ሬዲዮ ደግሞ በመስኮት እያየች «አይዞሽ» ትላታለች። ያኔ አይዞሽ መባሉ ደስ ይላት ነበር።

ሬዲዮ የተስማማች መሰላት። እንባዋን ጠራረገችና በልማድ የወንበሩን አንድ ጎን ብድግ አደረገች። «ነይ፣ እንሂድ። ይከብድሻል።»

«ልቀቂው» አለች ቁንጫ።

«ላግዝሽ ብዬ…»

«ልቀቂው።» አልጮኸችም። «ሰኞ ከእናቴ ጋር እመጣለሁ። የሆነውን እናገራለሁ።»

«የቱን?»

«ሁሉንም። የቡሎኑንም። እኔ እንደፈታሁት፣ አንቺ እንዳሰብሽው።»

ሬዲዮ ዓይኗ ፈጠጠ። «አብደሻል? አንቺም እኮ እንደገና ትቀጫለሽ!»

«እቀጣለሁ።»

«ደሞ እነሱ ፊት ስትቆሚ አትችዪም። ምላስሽ ይተሳሰራል።»

«ቀስ ብዬ እናገራለሁ» አለች ቁንጫ።

ሬዲዮ እጇ ወንበሩ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዛ ለቀቀችው።

ብቻዋን ስትይዘው ወንበሩ ከበዳት። መሸከም ያለበት ለካ ለሁለት ሰው ነው፤ ጠርዙ ጉልበቷን ይመታታል፣ የወለቀው እግር ብብቷ ስር እየተንሸራተተ ያስቸግራታል። በየሃያ እርምጃው ታስቀምጠዋለች። ሲደክማት ልትቀመጥበት አትችልም፤ በሦስት እግሩ ግድግዳ ላይ ታስደግፈውና እሷ አጠገቡ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ትንፋሿ ሲመለስ ተነስታ ትሸከመዋለች።