የሻምበል ከንፈር

ሻምበል ፍርፋሪውን ጎረሰና መልሶ ተፋው።

ኢፍቱ ግንባሯን ወደ መስታወቱ አስጠግታ ጠበቀች። ዓሣው ዞሮ መጣ፤ አፉን ከፈተ፤ ፍርፋሪዋን ገና ነካ ከማድረጉ እንደተቃጠለ ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሌሎቹ አምስቱ ተሻምተው ጨረሷት።

«በቀለች፣ ነይ እስቲ እዪው። አፉ ላይ የሆነ ነገር አለ።»

በቀለች ማይክሮስኮፖቹን እየወለወለች ነበር። ጨርቁን እንደያዘች መጥታ አጎነበሰች። በዓሣው ከንፈር ዙሪያ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፏል።

«ዳቦ ተጣብቆበት ይሆናላ!»

«ዳቦ አይደለም። ወላሂ ትናንትም ነበር።»

ሻምበል በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ካሉት ስድስት ወርቅማ ዓሦች ትልቁ ነው። የመስታወት ገንዳውን ከነዓሦቹ የሰጡት አሰላ ውስጥ በስንዴ ምርምር ይሠሩ የነበሩ አንድ የውጭ አገር ሰው ናቸው፤ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሲመለሱ። ይህ ትልቁ ዓሣ ደረቱን ነፍቶ በሌሎቹ መካከል ሲያልፍ የሚያየው ሁሉ ስለሚስቅ፣ በቀለች «ሻምበል» የሚል ስም አወጣችለት። የሥነ ሕይወት መምህራቸው ቲቸር ይርሳው ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና፣ «ይሄን ስም ከዚህ ክፍል ውጭ እንዳልሰማ» አሉ። ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነው። በወታደር ማዕረግ መቀለድ ጣጣ ያመጣ ነበር።

ለኢፍቱ ግን ሻምበል ቀልድ አልነበረም። ከኦጎልቾ ወደ አሰላ ከመጣች ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው። ክፍል ውስጥ ተነስታ አማርኛ ስታነብ ልጆቹ በአነጋገሯ ይስቁባታል። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራው ባዶ ሲሆን ገንዳው ፊት ቆማ ደብተሯን ጮክ ብላ ታነባለች። ሻምበልም አፉን እየከፈተና እየዘጋ ያዳምጣታል።

ቲቸር ይርሳው መጥተው በአጉሊ መነጽር ተመለከቱ።

«ሻጋታ ይመስላል» አሉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የተራ ወረቀት አዩ። ዓርብ ዓርብ ግማሹ ውሃ ይቀየራል፤ የቀየረው ይፈርማል። የዚህ ወር ተረኛ በቀለች ነበረች። ሦስት ዓርብ፣ ሦስት ፊርማ። «ውሃው በየሳምንቱ ተቀይሯል። እንግዲያው የጎዳው የጥር ብርድ ነው።»

የስልሳ ሻማ አምፑል አምጥተው ከገንዳው በላይ አንጠለጠሉ። ውሃው ለብ አለ። በቀለች ጨርቋን ይዛ ወደ ማይክሮስኮፖቹ ተመለሰች።

ይህ የሆነው ሰኞ ነው። ረቡዕ ጠዋት ትንሿ ዓሣ ሞታ ተገኘች። የሻምበል ነጭ ነገር ሰፍቶ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል፤ የታችኛው ከንፈሩ ተበልቶ ውስጡ ይታያል።

«እስከ ዓርብ ድረስ ካልተሻለው እናስወግደዋለን» አሉ ቲቸር ይርሳው። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። «ለአንዱ ስናዝን አራቱን መጨረስ የለብንም። የወላጆች በዓልም ደርሷል።»

ኢፍቱ ከትምህርት ስትወጣ ወደ ቤት አልሄደችም። የሄደችው ወደ ከብት ሕክምናው ነው። እዚያ የሚሠሩት አቶ ገብረወልድ ከእናቷ ከሀጂራ ቅቤ የሚገዙ ደንበኛ ናቸው። ስትደርስ አንዲት ጊደር ወግተው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ጋሽ ገብረወልድ፣ ዓሣ ያክማሉ?»

«በሬ አክማለሁ። ፍየል አክማለሁ። ባለፈው ሳምንት ዶሮ አምጥተውብኛል። ዓሣ ይዞ የመጣ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። የታለ?»

«አላመጣሁትም። ውሃ ውስጥ ነው።»

ከት ብለው ሳቁ። የልጅቷን ዓይን ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ገቱና በርጩማ ሳቡላት። «ቁጭ በይ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። አማርኛው ሲያስቸግራት በኦሮምኛ ቀጠለች፤ እሳቸውም በዚያው ጠየቋት። ነጩ ነገር እንደ ፀጉር ረዝሞ ይንሳፈፋል ወይስ ከንፈሩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል? ተለጥፎ ነው። ሥጋውን ይበላል? ይበላል።

«ሻጋታ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ዝዋይ ሐይቅ ዳር አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ በጠባብ ኩሬ አጉረው ያቆዩት ዓሣ ልክ እንዲህ አፉን ሲበላው አይቻለሁ። ባክቴሪያ ነው። ለመሆኑ ምን አደረጋችሁለት?»

«አምፑል አበራንለት። እንዲሞቀው።»

አቶ ገብረወልድ ግንባራቸውን ያዙ። «ያሞቃችሁት ባክቴሪያውን ነዋ! ውሃውስ?»

«በየዓርቡ ይቀየራል። ወረቀቱ ላይ ተፈርሟል።»

«ወረቀቱን አልጠየቅኩሽም። ይሄ በሽታ የሚበረታው በቆሸሸ ውሃ ነው። መድኃኒት አለኝ፤ ግን ታክሞ ተመልሶ ቆሻሻ ውስጥ ከገባ ልፋታችን ከንቱ ነው፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። እውነቱን አጣሪና ነገ ነይ። ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃም አዘጋጁ፤ በቀጥታ ከቧንቧ የተቀዳ አይሆንም።»

ሐሙስ ጠዋት የሰልፉ ደወል ሳይደወል ኢፍቱ ቤተ ሙከራ ገባች። እጅጌዋን ጠቅልላ እጇን ወደ ገንዳው ሰደደችና ከሥር ያለውን ጠጠር በጣቷ ጫር አደረገች። ጥቁር ዝቃጭ እንደ ጭስ ቡልቅ ብሎ ወጣ። የበሰበሰ ዳቦ ሽታ አፍንጫዋን መታት።

በቀለችን ያገኘቻት የታችኛው ቧንቧ ጋ እግሯን ስትታጠብ ነው።

«ውሃውን አልቀየርሽውም።»

«በማርያም፣ አንዴ ብቻ ነው የቀረብኝ—» ብላ ጀመረችና የኢፍቱን እጅ አየች። ጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁር ዝቃጭ ገና አልለቀቀም። በቀለች አንገቷን ደፋች። «ሦስቱንም አልቀየርኩም።»

«ለምን?»

«ዓርብ የሩጫ ልምምድ አለኝ። የአውራጃው ውድድር ደርሷል። የበቆጂ ልጆች በየቀኑ ነው የሚሮጡት፤ እኔ አሰልጣኙን የማገኘው ዓርብ ብቻ ነው። ከዚህ እስከ ላይ ሰባት ባልዲ ተሸክሜ፣ ከዚያ ልሮጥ? ዓሣዎቹ ደግሞ ደህና ይመስሉ ነበር።» ድምጿ ተሰበረ። «ለቲቸር እንዳትነግሪብኝ። ከሳይንስ ክበቡ ያስወጡኛል። ከሩጫውም ሊያግዱኝ ይችላሉ። አቦ ኢፍቱ፣ ዓሣ ነው እኮ!»

ኢፍቱ እጇን ቧንቧው ሥር አስገብታ ጥፍሯን ፈተገች። ክፍሉ ሁሉ ሲስቅባት አንድም ቀን ያልሳቀችባት ይህች ልጅ ናት። መጀመሪያ ቀን አጠገቧ የተቀመጠችውም እሷ ናት። ብትነግርባት ጓደኛዋን ታጣለች። ዝም ብትል ቲቸር አምፑሉን አያጠፉም፤ ሻምበል ይሞታል፤ ከዚያም ሌሎቹ።

«ስምሽን አልጠራም» አለች ቀስ ብላ። «ግን ውሃው ንጹህ ነበር ብዬ አልዋሽም። ለነገ ሰባት ባልዲ ያደረ ውሃ ያስፈልጋል። ብቻዬን ቢሆንም እቀዳዋለሁ።»

«ፋራ ነሽ!» አለቻት በቀለች። ጫማዋን አንስታ በባዶ እግሯ እየሮጠች ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ኢፍቱ ባልዲ ይዛ ስትመለስ ቧንቧው ተዘግቷል፤ ከመስመሩ ውሃ ጠፍቷል አሏት። ወደ አቶ ገብረወልድ ሄዳ እውነቱን ነገረቻቸው። የማን ጥፋት እንደሆነ አልጠየቋትም። ቢጫ የቴትራሳይክሊን ዱቄት በአምስት ትንንሽ ወረቀቶች ከፋፍለው ጠቀለሉላት። «ለአንድ ሳፋ ውሃ፣ ለአንድ ቀን፣ አንድ ወረቀት። ትንሽ ጨው ጨምሪበት። ብርሃን መድኃኒቱን ስለሚያበላሸው በጨርቅ ሸፍኚው። በማግስቱ ደፍተሽ በአዲስ ትተኪያለሽ። እስኪሻለው ምግብ የለም።»

ዓርብ ከሰዓት ቲቸር ይርሳው ገንዳው ፊት ቆመው ነበር። በእጃቸው ወንፊትና አንድ ባዶ ጣሳ ይዘዋል።

«ቲቸር፣ ይቆዩ!» አለች ኢፍቱ። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። የክበቡ ልጆች ዞር ብለው አዩአት። ላብ አጠመቃት፤ ቢሆንም አላቆመችም። ባክቴሪያ መሆኑን፣ ሙቀቱ እንዳባሰበት፣ መድኃኒቱን ከየት እንዳመጣችው አንድ በአንድ ተናገረች። ምላሷ ሁለት ጊዜ ተሳሰረ፤ ሁለት ጊዜም ፈታችው።

«አቶ ገብረወልድ ቆሻሻ ውሃ ነው አሉ?» ቲቸር ይርሳው ወደ ግድግዳው ተመለከቱ። «ወረቀቱ እኮ—»

«ወረቀቱ ልክ አይደለም።»

መምህሩ ፊርማዎቹን ደጋግመው አዩ። «ይሄ ጥፋት የማን ነው፣ ኢፍቱ?»

ኢፍቱ የመድኃኒቱን ጥቅሎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

በሩ በእግር ተገፍቶ ተከፈተ። በቀለች በሁለቱም እጇ ባልዲ ይዛ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ገባች።

«የእኔ ነው ቲቸር። አንዱንም ዓርብ አልቀየርኩም፤ በውሸት ነው የፈረምኩት።» ባልዲዎቹን አስቀመጠች። «ይሄ ያደረ ውሃ ነው። ትናንት ሳይጠፋ ቀድቼ ዘበኛው ቤት አሳደርኩት።»

ቲቸር ይርሳው ወንፊቱንና ጣሳውን አስቀመጡ።

«ስንት ባልዲ ቀረ?»

«አምስት።»

«ታዲያ ምን ቆመሽ ትጠብቂያለሽ?»

አምፑሉ ጠፋ። ዝቃጩ በጎማ ቱቦ ተመጥጦ ወጣ። ሻምበል ብቻውን ወደ ሳፋ ተዛወረ። ኢፍቱ የመጀመሪያዋን ወረቀት ፈትታ ስታራግፍ ውሃው ቢጫ ሆነ። የበቀለች ቅጣት ለአንድ ወር ቤተ ሙከራውን መጥረግ ሆነ፤ ስለ ሩጫው መምህሩ አላነሱም።

ቅዳሜም እሁድም ሁለቱ ልጆች መጡ። እሁድ ዕለት ሻምበል ሳፋው ሥር በጎኑ ተኝቶ፣ ከጉንጩ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረውም። በቀለች ጨርቁን ገልጣ አየችና ፊቷን አዞረች።

«ሞተ አይደል?»

«አልሞተም። ይተነፍሳል። ውሃውን አምጪ።»

ሰኞ ቀና ብሎ ዋኘ። ማክሰኞ ነጩ ነገር እንደ ልጣጭ ተገፎ ሳፋው ላይ ሲንሳፈፍ ተገኘ፤ ከሥሩ ቀይ ጤነኛ ሥጋ ብቅ ብሏል። አምስተኛዋ ወረቀት በዚያ ቀን አለቀች። ረቡዕ ጠዋት ኢፍቱ የእንቁላል አስኳል ፍርፋሪ፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ፣ በጣቷ ጫፍ ጣል አደረገችለት።

ሻምበል መጣ። አፉን ከፈተ። ጎረሳት።

ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። አልተፋትም። አኘከ፣ ዋጠ፣ ዞሮ መጥቶ ሌላ ፈለገ።

«በላ!» ብላ ኢፍቱ ጮኸች። «ቲቸር! በላ! በላ!» በቀለች አቅፋት እየዘለለች ሳፋውን ልትደፋው ምንም አልቀራት። ከጎረቤት ክፍል ሒሳብ የሚማሩት ልጆች በመስኮት አንገታቸውን አስገቡ። ቲቸር ይርሳው ጠመኔ በእጃቸው እንደያዙ እየሮጡ መጡ፤ ዓሣው ሦስተኛዋን ፍርፋሪ ሲውጥ አይተው እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

በወላጆች በዓል ቤተ ሙከራው በሰው ተሞላ። ሻምበል ወደ ገንዳው ተመልሶ ደረቱን ነፍቶ ይዞራል፤ የታችኛው ከንፈሩ ብቻ ትንሽ ጠመም ብሎ ቀርቷል። አቶ ገብረወልድ የጎማ ጫማቸውን ሳያወልቁ መጥተዋል። ሀጂራ አዲስ ሻሿን አስራ ከኋላ ቆማለች። በአውራጃው ስም የተገኙት እንግዳ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ።

«የዚህኛው ከንፈር ምን ሆኖ ነው?»

ቲቸር ይርሳው ወደ ኢፍቱ ተመለከቱ።

ኢፍቱ ተናገረች። በኦጎልቾ አነጋገሯ፣ ሳትቸኩል፣ ከመጀመሪያው ነጭ ነጥብ እስከ መጨረሻው ወረቀት። የሳቀ የለም። እንግዳው፣ «በሽታው ከምን መጣ?» ሲሉ፣ «ውሃውን ሳንቀይርለት ቀርተን ነው» አለች። «ሳንቀይርለት» ስትል በቀለች ቀና ብላ አየቻት።

«ጎበዝ! ስምስ አላችሁት?»

ቲቸር ይርሳው ሳል ያዛቸው።

«ብርቱካን ይባላል፣ ጓድ!» አለች በቀለች፣ ዓይኗን ሳታሽ።

እንግዳው እየሳቁ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ። ሀጂራ ከኋላ መጥታ የልጇን ትከሻ ጨበጠች። እጇንም አላነሳችም።

በማግስቱ ቲቸር ይርሳው የሚቀጥለውን ወር ተራ እንድታወጣ ባዶ ወረቀት ለኢፍቱ ሰጧት። እሷም ብዙ አሰበችበት። በመጨረሻ የውሃውን ቀን ለሁለት ከፈለችው፦ ረቡዕ ላይ «በቀለች» ብላ ጻፈች፤ ዓርብ ላይ የራሷን ስም።

የዚያን ዓርብ ከሰዓት ያደረውን ውሃ ቀይራ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚያድረውን ልትቀዳ ባልዲዋን ይዛ ወደ ታችኛው ቧንቧ ወረደች። ሜዳው ላይ በቀለች ከሁለት ልጆች ቀድማ ኩርባውን ስትዞር አየቻት። ውሃው እጇን አደነዘዘው። ኢፍቱ ባልዲውን ሞልታ አነሳችና ዳገቱን ጀመረች፤ ገና ስድስት ምልልስ ይቀራታል።