ከከረጢቱ የወጣው ማዘርቦርድ

«እነዚያን ብረቶችሽን ደግሞ አሳምሬ ጠቀለልኩልሽ» አሉ እትዬ የትምወርቅ፣ ከፊት ወንበር ዞር ብለው። «በትልቁ፣ በባለ አበባው ብርድ ልብስ። ሕፃን እንኳ እንደዚያ አይጠቀለል!»

ጸጋ ከስልኳ ቀና አለች። «የትኞቹን ብረቶች?»

«ለአንዷለም የላክሻቸውን ነዋ! ከእነዚያ ግራጫ ከረጢቶች አወጣኋቸው። በሚያብለጨልጭ ማሸጊያ ውስጥ ሆነው ቢያገኟቸው የጉምሩክ ሰዎች ‹አዲስ ነው፣ ለንግድ ነው› ብለው ይይዙኛል። ምልክቱን በጣጥሰሽ፣ ካርቶኑን ጥለሽ፣ ከልብስ ጋር መጠቅለል ነው። ይሄን ለእኔ ማን ይነግረኛል!»

«እትዬን ማን ይቀድማታል» አለ አባቷ ፍቅሩ፣ እየነዳ ሳቀ።

ጸጋ ክው አለች። ያንን ብርድ ልብስ በደንብ ታውቀዋለች። እንደ ድመት ጀርባ ለስላሳ ነው፤ በዳላስ ደረቅ ብርድ ግን ከአልጋ ላይ ሲገፈፍ ይንጣጣል፣ ጸጉር ያቆማል፣ ከዚያ የበር እጀታ ሲነኩ ጣት ይነድፋል። ሰው «ኡፍ!» ብሎ ያልፈዋል። ለማዘርቦርድ፣ ለኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ግን ያቺ ንድፊያ መሞቻው ልትሆን ትችላለች። የሚያስፈራው ደግሞ ምልክት አለመተዉ ነው። አይጠቁርም፣ አይሸትም። ሰክተህ ቁልፉን ስትጫን ዝም ይልሃል፣ በቃ።

እትዬ የትምወርቅ የፍቅሩ ታላቅ እህት ናቸው። ወንድማቸውን ሊጠይቁ መጥተው ከርመው፣ ዛሬ ወደ አዳማ መመለሳቸው ነው። የመጨረሻ ልጃቸው አንዷለም የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ጎበዝ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለበት። የስቱዲዮው ባለቤት «የራስህን ይዘህ ና፣ አለዚያ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አለው። ጸጋ ይህን ስትሰማ፣ ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን ያለ አንድ ቢሮ ሊጥላቸው ከነበሩ ኮምፒውተሮች ደህና ደህናውን ለምና አሰባስባ፣ አንድ ጥሩ ኮምፒውተር ገጣጠመች። በቪዲዮ እየተያዩ ቁልፉን ስትጫነው፣ አንዷለም ከደስታው ብዛት ስልኩ ከእጁ ወደቀ።

ኬዙ ግን ለሻንጣ ከባድ ነው። አንዷለም ደግሞ የተቃጠለው ኮምፒውተሩ ኬዝ ስላለው፣ ውስጡን ብቻ ፈታ ራቁቱን ልትልክለት ተስማሙ። «ግን አደራ» ብሎ ጻፈላት። «ስታቲክ፣ ያ የሚነድፈው ኤሌክትሪክ፣ እንዳይመታው በየግራጫ ከረጢቱ፣ ከዚያ ጠንካራ ካርቶን ውስጥ፣ ዙሪያውን ፎም። አሸግሽው?»

«አሽጌዋለሁ» ብላ መለሰችለት። ይህን ስትጽፍ ጓደኛዋ ኤልዳድ ቤት ጌም እየተጫወተች ነበር። ዕቃዎቹ ካርቶን የሚባል ነገር ሳያዩ ከረጢታቸው ውስጥ ብቻ ሆነው ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግተዋል። ማታ አሽገዋለሁ ብላ አስባ ነበር፤ ማታ ደግሞ እንቅልፍ ጣላት። አንዷለም ግን አመናት። በማግስቱ ለስቱዲዮው ባለቤት «ሰኞ ኮምፒውተሬን ይዤ እገባለሁ» ብሎት ለእሷም ነገራት።

አሁን መኪናው ውስጥ ሆና ለኤልዳድ ጻፈችለት። ኤልዳድ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ነው፤ ኮምፒውተር መፍታት ያስተማራትም እሱ ነው።

«በዚያ ብርድ ልብስ?? ሊተርፍ ይችላል፣ ላይተርፍም ይችላል» ብሎ መለሰ።

«ሶ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ዝም በይ። ካልሠራ ሻንጣ ጫኞቹ ወረወሩት በይው። ማን ያውቃል?»

ጸጋ መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። እውነቱን ነው፣ ማንም አያውቅም። እንደዚያ ማሰቡ ግን አላረጋጋትም። አንዷለም ሰኞ ጠዋት ስቱዲዮው ውስጥ ሰው ከብቦት ቁልፉን ሲጫን ታያት። አንዴ፣ ከዚያ እንደገና፣ ከዚያ ገመዱን ነቅሎ ሰክቶ እንደገና።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ አባቷ በመስታወቱ እያያት።

«ምንም።»

አውሮፕላን ማረፊያው ሲደርሱ አባቷ ሻንጣዎቹን ጋሪ ላይ ጭኖ ሊሮጥ ምንም አልቀረውም። ፋርመርስ ብራንች በሚባለው ሰፈር ያለው የመጋዘን ሥራው ሰዓት ደርሷል፤ በዚህ ወር ደግሞ አርፍዶ ያውቃል። «ቶሎ ቶሎ በሉ፣ ዛሬ ካረፈድኩ ሱፐርቫይዘሩ አይለቀኝም» ይላል በየደቂቃው። ሰልፉ እየተንቀሳቀሰ ነው። ከፊታቸው አንድ ቤተሰብ ብቻ ቀረ። ጸጋ ትልቁን ሻንጣ አየች። አሁን ብትናገር አባቷ ይጮኻል፣ ሰው ያያቸዋል፣ አንዷለምን መዋሸቷም ይወጣል። ዝም ብትል ሻንጣው ተመዝኖ በዚያ በሚንቀሳቀሰው ጥቁር ላስቲክ ላይ ይሄዳል።

«ቀጣይ!» አለች የአየር መንገዱ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ።

አባቷ ትልቁን ሻንጣ አነሳ። ጸጋ እጀታውን ያዘችው።

«አባ፣ ቆይ። መከፈት አለበት።»

«ምኑ?»

«ሻንጣው። ፕሊስ። ብርድ ልብሱ ኮምፒውተሩን ይገድለዋል።»

«ብርድ ልብስ? አብደሻል? ሥራ ደርሼ ክሎክ ኢን የማደርገው መቼ ነው?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች፤ እንባዋ መጣ። «አሽጌዋለሁ ብዬ አንዷለምን ዋሸሁት። አላሸግኩትም ነበር። እትዬ አግኝተውት ነው። እሳቸው በምን ያውቃሉ?»

አባቷ ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሻንጣውን ከሰልፉ ጎትቶ አወጣና ወለሉ ላይ አስተኛው። አለመጮኹ ከጩኸት የባሰ አስፈራት።

ሻንጣው ሲከፈት የእትዬ የትምወርቅ ዓለም ሁሉ ብቅ አለ። ቫይታሚን፣ ካልሲ፣ ሎሽን። ግራጫዎቹ ከረጢቶችም አሉ፤ እያንዳንዳቸው የሻምፖ ጠርሙስ ታቅፈዋል!

«እንዳይፈስ ብዬ ነዋ» አሉ እትዬ፣ ቀስ ብለው። «እንዲህ ያለ ጠንካራ ፌስታል ይጣላል እንዴ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ጸጋ በሳቅ ትሞት ነበር። አሁን ግን ጠርሙሶቹን አውጥታ ከረጢቶቹን በጣቷ ፈተሸች። ደረቅ ናቸው። እጇ ላይ ያለውን ስታቲክ ለማራገፍ፣ አጠገባቸው ያለውን ወንበር ብረት እግር ጨበጥ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ብርድ ልብሱን ቀስ ብላ ገለጠችው። ጠጥ፣ ጠጥ፣ ጠጥ አለ። በየድምፁ ሰቀጠጣት።

ማዘርቦርዱ ውስጡ ተኝቷል፤ የተሰበረ የለው፣ የተጣመመ የለው። ጠርዙን ብቻ ይዛ አነሳችውና ከረጢቱ ውስጥ ከተተችው። ሌሎቹን የኮምፒውተሩን ክፍሎች፣ ግራፊክስ ካርዱንና ራሙንም እንደዚያው። አባቷ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ባዶ ካርቶን አግኝቶ አመጣ። እትዬ የጥጥ ቲሸርቶቻቸውን እየመዘዙ ሰጧትና ዙሪያውን ጠቀጠቀቻቸው። ካርቶኑ የእጅ ሻንጣቸው ውስጥ ገባ፤ ብርድ ልብሱ ወደ ትልቁ ሻንጣ ተመለሰ።

«አሁን ዳነ?» አሉ እትዬ።

«አላውቅም እትዬ። ትናንትናውኑ ሞቶ ሊሆን ይችላል። አንዷለም ሰክቶ እስኪያየው አይታወቅም።»

እትዬ የትምወርቅ ፊታቸው ጠቆረ። የልጃቸው እንጀራ ነው። ከዚያ የጸጋን ጉንጭ በመዳፋቸው ያዙት። «እንግዲህ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ካልሠራ ‹እኔ አሮጊቷ አበላሸሁብህ› እለዋለሁ። እናቱን ምን ያደርገኛል? አንቺ አታልቅሺ፣ ስምሽም አይነሳ።»

ጸጋ አንዴ «እሺ» ልትል ቃጣት። ምንኛ ቀላል ነበር! እናቱን አይቆጣም፣ እሷንም እስከ ዘላለም ጎበዟ የአጎቴ ልጅ እያለ ያመሰግናታል።

«አይሆንም እትዬ» አለች። «እኔው እነግረዋለሁ።»

ተሳስመው ተለያዩ። መኪናው ውስጥ አባቷ ሞተሩን አስነሳና አለቃው ጋ ደወለ። «አዎ፣ አረፍዳለሁ... የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለ። ጸጋ ከኋላ ተቀምጣ የአንዷለምን ስም ከፈተች። አዳማ አሁን መሽቷል፣ ግን አይተኛም፣ የእናቱን መነሳት ይጠብቃል። ‹አሸግሽው?› የሚለው ጥያቄና የእሷ መልስ አሁንም እዚያው ተጽፈዋል።

ኤልዳድ «ሶ? ዝም አልሽ?» ብሎ ጽፎላታል። አልመለሰችለትም። የድምፅ መቅጃውን ተጫነች።

«አንዱ፣ እኔ ነኝ። ለስቱዲዮው ሰውዬ ሰኞ እገባለሁ ማለትህን... ማለቴ፣ እባክህ እስክትሰካው ድረስ ቆይ በለው። ስታቲክ መትቶት ላይነሳ ይችላል። አሽጌዋለሁ ያልኩህ ውሸቴን ነበር።» ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «ካልሠራ ሌላ እፈልጋለሁ። ግን ሰኞ አይደርስም።»

ላከችው። ወዲያው አየው። ከስሙ ሥር ‹ድምፅ እየቀረጸ ነው› የሚል ጽሑፍ መጣ፣ ጠፋ፣ እንደገና መጣ። ጸጋ ስልኩን ፊቱን ወደ ታች ገልብጣ ማስቀመጥ አማራት። አላስቀመጠችውም፤ በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች።