የአረቄው ጋን የፈነዳ ዕለት

የአንዳርጌን ፊት ወላጅ እናቱ ብትመጣ አታውቀውም ነበር። የፈነዳው የአረቄ ጋን ገል አንገቱን በጥሶታል፤ የፈላው ድፍድፍ ደግሞ ቆዳውን ልጦ ጥሎታል። የሃምሳ አለቃ ደሴ ከአርብ ገበያ ፖሊስ ጣቢያ በበቅሎ ሲደርስ ሬሳው በጋቢ ተሸፍኖ ደጅ ተጋድሟል። እሱን ያስቸኮለው ግን ሟቹ አልነበረም። የሟቹ ሚስት ተዋበች ከምሰሶ ጋር በጠፍር ታስራለች፤ ከተተረተረው ከንፈሯ ደም ይወርዳል። የሟች ወንድም ይርጋ ምንሽሩን አቀባብሎ ፊቷ ቆሟል።

«የወንድሜን ደም ሳልመልስ አልቀብረውም» አለ ይርጋ።

«ተኩስ እንግዲህ» አለው ደሴ ከበቅሎው እየወረደ። «ነገ የሌላ ሰው ሥራ ሆኖ ሲገኝ ጥይቷን መልሰህ ታጎርሳታለህ። አይ፣ ያ እንዳይሆን ከፈለግህ እስከ ቀብሩ ለእኔ ተዋት።»

የባልና ሚስቱ የነፍስ አባት አባ መልአኩ መስቀላቸውን አውጥተው መሐል ገቡ። ይርጋ በግድ እሺ አለ። ከቀብር በፊት ነገሩ ካልጠራ ተዋበች እንደማትተርፍ ሁሉም ያውቃል።

ደሴ ተዋበች አረቄ ወደምታወጣበት ጎጆ ገባ። ሥራው ቀላል ነው፤ ድፍድፉ ጋን ውስጥ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በሸምበቆ ያልፍና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠው መቀበያ እንስራ አረቄ ሆኖ ይንጠባጠባል። መንገዱ ከተዘጋ ግን እሳት ላይ የተጣደ ጋን ከመድፍ አይተናነስም። ደሴ ሸምበቆውን ከጣራው ሣር ውስጥ ተሰክቶ አገኘውና በቢላዋ ሰነጠቀው። በመቀበያው በኩል ያለው ጫፍ አብጦ በተጣበቀ ባቄላ ጥርቅም ብሏል። መጋጠሚያው የታሰረበት ጨርቅም እንደተቋጠረ አብሮ ወጣ።

«ይኸው! የጓዳዋ ባቄላ!» ብሎ ጮኸ ይርጋ።

ደሴ ጨርቁን ኪሱ ከተተና ተዋበችን ፈታት።

«ከዚህ በፊት ጋን ፈንድቶብሽ ያውቃል?»

«አያውቅም ጌታየ። ሸምበቆውን ነፍቼ ሳላይ አልገጥመውም። ዛሬም ነፋሁት፣ ንጹሕ ነበር። መንጠባጠብ ሲጀምር ማቀዝቀዣ ውኃ ልቀዳ ምንጭ ወረድሁ። ስመለስም ጆሮየን እንስራው ላይ ጥየ ሰማሁ፣ ይንጠባጠባል።»

«ከዚያስ?»

«የይርጋ ሚስት ምጥ ጸንቶባታል ብለው ጠሩኝ። እኔ ነኝ የመንደሩ አዋላጅ። ጎረቤቴን አልጣሽን እሳቱ ዘንድ አስቀምጬ ሮጥሁ።»

ይርጋ አንገቱን ደፋ። በጠፍር ያሰራቸው እጆች ከጥቂት ሰዓት በፊት የልጁን እትብት የቆረጡ ናቸው።

«አንዳርጌን መቼ አየሽው?»

«ልጁ ከተወለደ በኋላ፣ በይርጋ ደጅ ሲያልፍ። አየኝና ድርቅ አለ። ‹እሳቱ ዘንድ ማን አለ?› አለኝ። ‹አልጣሽ አለች› ስለው መልስ ሳይሰጠኝ ሮጠ። ወዲያው ፍንዳታውን ሰማሁ።»

አልጣሽ ባሏን የፈታች ወጣት ናት። ጀርባዋ ተቃጥሎ ቅቤ ተቀብታ በደረቷ ተኝታለች።

«እኔን ብሎ ነው የሞተ» አለች እያለቀሰች። «ገና ከበሩ ሳይገባ ‹አልጣሽ ተነሽ! ሸምበቆው ተደፍኗል!› ብሎ ጮኸ። ጎትቶ ወዲያ ወረወረኝ። ቀና ሳልል ፈነዳ።»

«መንጠባጠቡ መቆሙን አይተሽ ነበር?»

«መቀበያው ተከድኖ ውኃ ውስጥ ነው፣ በምን ልየው?»

ደሴ ለጎረቤት እንዲህ ተብሎ አይለቀስም ብሎ በልቡ ያዘ።

በመጨረሻ ይርጋን ጠየቀው። «አንተስ የት ዋልህ?»

«ደቦ ላይ። ከማለዳ ጀምሮ አገር ሁሉ አይቶኛል።»

«ወንድምህ ልጅ የለውም። ርስቱ ለማን ነው?»

«ለእኔ!» አለ ይርጋ ዓይኑን ሳያሽ። ደሴ ቅንነቱ ገረመው፤ እንዲህ ያለ ሰው ቢገድል እንኳ በምንሽር እንጂ በባቄላ አይገድልም።

ቃሬዛው ሲዘጋጅ ደሴ ሰዉን ግቢ ውስጥ ሰበሰበ። አልጣሽንም ደግፈው አመጧት።

«ደረቅ ባቄላ እንፋሎት ያሳልፋል» ብሎ ጀመረ። «ሲሞቅና ሲርስ ግን ያብጣል። ተዋበች ከምንጭ ስትመለስ አረቄው ይንጠባጠብ የነበረው ለዚህ ነው። ባቄላውን የጨመረው ሰው፣ ጋኑ እሱ ከራቀ በኋላ እንዲፈነዳ ፈልጓል።» ጨርቁን አወጣ። «እናንት ሴቶች፣ መጋጠሚያውን እንዴት ነው የምታስሩት?»

«ጠምጥመን ጫፉን እንወሽቃለን እንጂ አንቋጥርም» አለች አንዷ። «ከራሰ በኋላ ቋጠሮ መች ይፈታል?»

«ባቄላው የተጨመረው ይህ ተፈትቶ ነው፤ መልሶ ሲታሰር ግን ተቋጥሯል፤ ያውም አራሽ ሞፈርና ቀንበር የሚያያዝበትን ምራን ሲያስር እንደሚቋጥረው። ስለዚህ እጁ የወንድ ነው። ይርጋ ደቦ ላይ ነበር። ተዋበች፣ ምንጭ ስትወርጂ ቤት ማን ቀረ?»

ሴትዮዋ መልሱን ከመናገሯ በፊት ገባት፤ ፊቷ አመድ መሰለ። «አንዳርጌ» አለች።

«ሙት ትከሳለህ!» ይርጋ የምንሽሩን አፈሙዝ ደሴ ደረት ላይ ደቀነ።

ደሴ አልገፋውም። «ወንድምህ ከበሩ ሳይገባ ሸምበቆው መደፈኑን በምን አወቀ? ሚስቱን በሕይወት ሲያያት ለምን ደረቀ? አልጣሽ እሳቱ ዘንድ እንዳለች ሲሰማስ ለምን ሮጠ? አባ፣ በቁርባን የተጋባ ሚስቱን ይፈታል?»

«ሞት ካልለያቸው በቀር አይፈታም» አሉ አባ መልአኩ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በዐቢይ ጾም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሰው እየሰማ ፍቱኝ ብሎኝ ነበር። አይሆንም አልሁት» አሉ።

«ባቄላውን አላውቅም!» ብላ ጮኸች አልጣሽ። «በእመቤቴ አላውቅም! ‹ክረምቱ ሳይገባ ቤቱ ያንቺ ይሆናል፣ ታገሽኝ› ብቻ ነው ያለኝ!»

ይርጋ አፈሙዙን ወደ እሷ አዞረ። ደሴ ክንዱን በዱላ ሲለው አጥንት ጓ አለ፤ ጥይቱም የጎጆውን ጣራ በስቶ ሄደ። ምንሽሩ ወደቀ። ይርጋ የተሰበረ ክንዱን አቅፎ ሲያቃስት ቆየና በደህና እጁ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ጫነ። ተዋበች እግር ሥር ሄዶም ተደፋ።

ተዋበች አላየችውም። ዓይኗ ጋቢው ላይ ነው።

«ዛሬ ጠዋት እንጨቱን ራሱ ፈልጦ አቀረበልኝ» አለች። «ከተጋባን እንዲህ አድርጎልኝ አያውቅም። ደስ ብሎኝ ‹ዕድሜ ይስጥህ› ብየ መረቅሁት።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰች፤ ቁጭ ብላ፣ ሰው ሳታፍር፣ እየጮኸች። ሲበቃት ተነሣች። ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ፊቷን ያያሉ፤ ሚስት ሳትከተል ሬሳ እንዴት ይወጣል? እሷ ግን ነጠላዋን ለሐዘን አላዘቀዘቀችም። የይርጋን ድንጋይ ከማጅራቱ አንሥታ መሬት አስቀመጠችና አራሷን ልታይ ወደ ይርጋ ቤት ወረደች።